የእንክብል ማዳበሪያ ማሽን ዋጋ ከጀውሃ ሲሰላ

ሦስት ፕሮፎርማዎች በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ እንዳይበሩ ድንጋይ ተጭኖባቸዋል። ቦታው ጀውሃ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚወስደው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ፣ ግራር ጥላ ሥር። ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከአፋር በኩል የሚመጣው ሞቃት ነፋስ የወረቀቶቹን ጫፍ ያርገበግባል። ዙሪያውን የተቀመጡት ተደራጅተው ሥራ ለመጀመር ያሰቡ ወጣቶችና ሁለት አርሶ አደሮች ናቸው። አጠገባቸው በማሽላ አገዳ ዳስ የተጠለለ የትል ኮምፖስት መደብ አለ። ትሎቹ የቆላውን ፀሐይ አይችሉም፤ ጥላውና ውኃው አንድ ቀን ከጎደለባቸው ያልቃሉ።

የወጣቶቹ ሐሳብ ኮምፖስቱን እንደ ዩሪያው እንክብል አድርጎ፣ በጆንያ ሞልቶ፣ ለሽንኩርትና ለፓፓያ አልሚዎች መሸጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ማሽን ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ የዲስክ ማሽን ነው፤ ሁለተኛው በሁለት ሮለር መካከል ጨምቆ የሚያወጣ፣ ሦስተኛው በቀዳዳ ብረት የሚያሳልፍ፣ ከመኖ ማሽን ጋር የሚመሳሰል። ሒሳብ የያዘው ልጅ ሦስቱን ዋጋ ጎን ለጎን ጽፎ ትንሹን አክብቦታል።

"ይሄኛው እኮ በግማሽ ይረክሳል" አለ።

ከአርሶ አደሮቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋው፣ ብድግ ብለው ከመደቡ አንድ እፍኝ ኮምፖስት ዘገኑና ጨመቁት። በጣቶቻቸው መሐል ውኃ ጠብ አለ።

"ልጄ፣ ይሄን ውኃ ማን ያወጣዋል?"

ጥያቄው በሦስቱም ፕሮፎርማዎች ላይ አልተጻፈም። ማሽን ሻጭ የማሽኑን ዋጋ ይነግራል፤ ውኃውን የማውጣት ዋጋ ግን የገዢው ነው። ማሽኖቹን በወጪ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ይሻለዋል።

ፍሬው ከየት ይመጣል

በየዓመቱ ወደ አገራችን የሚገባው ማዳበሪያ በቅርብ ዓመታት 20 ሚሊዮን ኩንታልና ከዚያም በላይ ደርሷል። ከጂቡቲ ተጭኖ፣ ብዙው በጋላፊና በሚሌ አድርጎ፣ ከፊሉ በኮምቦልቻ፣ ከፊሉ በአዋሽ በኩል ወደየክልሉ ይሰራጫል። በገበሬው እጅ በብዛት ሲገባ የቆየው ሁለት ዓይነት ነው፤ ዩሪያና ኤንፒኤስ። ሁለቱም እንክብል ናቸው፤ ግን አሠራራቸው ለየቅል ነው፤ የወጪ ልዩነቱም ከዚያ ይመነጫል።

ዩሪያ በ133 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ፋብሪካው የቀለጠውን ዩሪያ እየረጨ፣ በአየር እያቀዘቀዘ ፍሬ ያደርገዋል። የሚወጣው ውኃ ሳይሆን ሙቀት ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ ለመገንባት የተፈራረሙት ፋብሪካ የዚህ ዓይነት ነው፤ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን። ከዚያ በፊት በኢሉባቦር ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ ለማምረት በመንግሥት ድርጅቱ ሜቴክ የተጀመረው ግንባታ ለዓመታት ተጓትቶ ሳያመርት ቀርቷል። በዚህ ደረጃ ፍሬ ማውጫው ማሽን የፋብሪካው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ዋናው ወጪ ጋዙና አሞኒያው ላይ ነው።

ኤንፒኤስ ሌላ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዳፕን የተካው ይህ ማዳበሪያ 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ ፎስፌት፣ 7 እጅ ሰልፈር አለው፤ አብዛኛው ሲመጣ የቆየው ከሞሮኮ ነው። የፎስፎሪክ አሲድና የአሞኒያው ውህድ እንደ ገንፎ ሆኖ በሚሽከረከር ትልቅ ድራም ውስጥ ይረጫል፤ ከዚያ በማድረቂያ ያልፋል። ይህን ድራም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሻሽሎ ለዓለም ያዳረሰው የአሜሪካው ቴነሲ ቫሊ ባለሥልጣን ነው።

በመሐል ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። በበቾ ወሊሶ፣ በግቤ ዴዴሳ፣ በእንደርታ፣ በመርከብና በመሊክ ስልጤ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የተተከሉት አምስቱ ፋብሪካዎች እንክብል አያወጡም። የተተከሉት የተዘጋጀ እንክብል ገዝተው እንዲደባልቁ ነው። የክልላችን፣ የአማራ፣ መርከብ ዩኒየን ባሕር ዳር ላይ ያለው ማሽን ሚዛንና ማደባለቂያ እንጂ ማንከብለያ የለውም። ድብልቁ ጥሩ እንዲሆን የፍሬዎቹ መጠን መቀራረብ አለበት፤ አለዚያ በመኪና ሲጓዝ ትልልቁ ወደ ላይ፣ ትንንሹ ወደ ታች ይለያይና ከአንዱ ጆንያ ፎስፌት፣ ከሌላው ናይትሮጅን በዝቶ ይወጣል። አንድ የጀውሃ ማኅበር የእነዚያን ፋብሪካዎች ዋጋ ሰምቶ "እኛም እንደነሱ" ቢል የማይገናኝ ነገር እያወዳደረ ነው።

እዚህ የምናወራው ስለ አራተኛው ደረጃ ነው። ከእበት፣ ከኮምፖስት፣ ከገለባ፣ በቀን ጥቂት ቶን ስለማውጣት።

እንክብል ያስፈልጋል ወይ

ይህን ሳይጠይቁ ማሽን መግዛት ብር መበተን ነው ብዬ አምናለሁ። ማሳው ከመደቡ 500 ሜትር ርቆ ያለ ገበሬ ኮምፖስቱን በአህያ ጭኖ መበተን ይችላል፤ እንክብሉ ለሱ ምንም አይጨምርለትም። እንክብል የሚጠቅመው ማዳበሪያው ሲጓዝ፣ ሲከማችና በእጅ በመስመር ሲጨመር ነው። 45 በመቶ ውኃ የያዘ 100 ኪሎ ኮምፖስት ውስጥ ደረቁ 55 ኪሎ ብቻ ነው። ወደ 12 በመቶ ቢደርቅ ክብደቱ 62 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከጀውሃ ወደ አጣዬ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት በአይሱዙ የሚጭን ሰው ለውኃ የሚከፍለው ኪራይ ቀረለት ማለት ነው።

ሌላውም ሐቅ መነገር አለበት። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ጥሩ ኮምፖስት በደረቁ 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረው፣ የአንድ ኩንታል ዩሪያን ያህል ለመስጠት ከ30 ኩንታል በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ እንክብል ኮምፖስት ዩሪያን ይተካል ብሎ የሚሸጥ ሰው ገዢውን ያታልላል። የሚሸጠው የአፈሩ ጤና ነው፤ ውኃ መያዙ፣ መላላቱ፣ ኤንፒኤሱ በቀላሉ ታጥቦ አለመሄዱ። ማሾ ናይትሮጅኑን ከሥሩ አንጓ ራሱ ስለሚያገኝ ይህ ይስማማዋል። ሽንኩርት ግን ናይትሮጅን የሚበላ ሰብል ነው፤ ኮምፖስት ብቻ ሰጥቶ ጥሩ ምርት መጠበቅ ያስቸግራል።

ዲስኩ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ዲስክ ሲሞከር አይቻለሁ። ዲስኩ ከላሜራ የተሠራ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ትልቅ ጎድጓዳ ነው፤ ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ። ጊርቦክሱ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ሲሆን ቺንጋው ወደ ሞተር ይሄዳል። ልጁ የተፈጨና የተነፋ ደረቅ ኮምፖስት በአካፋ ጨመረ፤ ሌላው ከላይ በተገጠመ ቀጭን ቧንቧ ውኃ መርጨት ጀመረ።

መጀመሪያ ዱቄቱ ብቻ ይንሸራተት ነበር። ቀጥሎ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ ኳሶች ታዩ። ኳሶቹ እየተንከባለሉ ዱቄት እየለበሱ ወፈሩ፤ ሽምብራ ሲያካክሉ ከላይ ወደ ጠርዙ ወጥተው በራሳቸው ወደ ውጭ ወረዱ። እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያንገዋልሉ ትልልቁ ከትንንሹ እንደሚለየው ነው፤ ዲስኩ ፍሬውን ይሠራል፣ ይለያልም። ስለዚህ ከኋላው ብዙ ወንፊት አያስፈልገውም። ልጁ ቧንቧውን ትንሽ ከፈት ሲያደርገው ግን ኳሶቹ ተያያዙ፤ ጭቃ ሆነው ከላሜራው ላይ ተለጠፉ። ዲስኩን አቁመው በብረት ፋቁት። የዲስክ ጥበብ ውኃው ነው፤ ያንን ቫልቭ የሚይዝ ሰው ለመለማመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሥራው ሲሄድ ማሽኑም አብሮት የሄደ ያህል ነው።

ከዋጋ አንፃር ዲስክ ብዙ መልካም ነገር አለው። ውድ ብረት አይፈልግም፤ የሚያልቅ ክፍሉ ጥቂት ነው። ኩሽኔታው ሲያልቅ መርካቶ ይገኛል፤ ላሜራው ሲበላ ይበየዳል። ከውጭ ቢመጣ ትንሹ ዲስክ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፤ አገር ውስጥ ቢሠራ አብዛኛው ወጪ በብር ይሸፈናል። ሞተሩም ትንሽ ነው፤ 2.5 ሜትር ስፋት ያለውን ዲስክ 7.5 ኪሎዋት ገደማ ያዞረዋል።

ክፋቱ ከዲስኩ የሚወርደው ፍሬ እርጥብ መሆኑ ነው። በእጅ ሲያዝ ይፈርሳል። 30 በመቶ ያህል ውኃ ይዞ ስለሚወጣ የግድ መድረቅ አለበት። ፕሮፎርማው ላይ ያለው የዲስኩ ዋጋ ነው፤ ማድረቂያው ሌላ ወረቀት ላይ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜም ከዲስኩ ይበልጣል።

ሮለሩና ዳዩ

ባለ ሁለት ሮለሩ ማሽን ውኃ አይጨምርም። ጎን ለጎን የሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ጥቅሎች አሉ፤ ገጻቸው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ተቀርጿል። ደረቁ ዱቄት በመሐላቸው ሲያልፍ በኃይል ተጨምቆ ሞላላ ፍሬ ሆኖ ይወጣል። የተለመደው ሞዴል በ15 ኪሎዋት ሞተር በሰዓት ወደ 1 ቶን ያወጣል፤ ይህም ለአንድ ቶን 15 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። የመግዣ ዋጋው ከትንሽ ዲስክ ይበልጣል። ማድረቂያ ግን ከኋላው የለም፤ በአንድ ጊዜ ወደ ጆንያ መግባት ይችላል። የሚፈልገው ዱቄቱ አስቀድሞ ከ10 በመቶ በታች እንዲደርቅ ነው። የዩሪያና የኤንፒኤስ ብናኝ መልሶ ለመጨመቅም ይሆናል። ንጹሕ ኮምፖስት ግን ያስቸግረዋል፤ ጭድ የበዛበት ነገር ሲጨመቅ ተመልሶ ይነፋል፣ ፍሬው ይሰነጠቃል።

ጠፍጣፋ ዳይ ያለው ማሽን የዶሮና የከብት መኖ የሚያቀነባብሩ ሰዎች የሚያውቁት ነው። ዳዩ ብዙ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብረት ነው፤ በላዩ ሮለሮች እየሄዱ ኮምፖስቱን በቀዳዳው ያሳልፉታል፤ ከሥር ቢላዋ ይቆርጠዋል። የሚወጣው ክብ ፍሬ ሳይሆን አጭር ዘንግ ነው። ኮምፖስትን፣ ከነጭዱም ቢሆን፣ በደንብ ይቀበላል፤ 20 በመቶ አካባቢ እርጥበት ይበቃዋል። ከሦስቱ አብዛኛውን ጊዜ በመግዣው የሚረክሰው ይህ ነው። በትራክተር የሚዞርም አለ፤ መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ግን ይበላል፤ 15 ኪሎዋት ሞተር ይዞ በሰዓት 3 ኩንታል ቢያወጣ ለአንድ ቶን 50 ኪሎዋት ሰዓት ይሄድበታል።

ድራሙን በአጭሩ ላንሳው። ከሁለት እስከ አምስት ዲግሪ ያዘነበለ ረጅም ሲሊንደር ነው፤ በሰዓት ብዙ ቶን ያወጣል፤ ከሚወጣው ብዙው ወንፊት ላይ ተጣርቶ ተመልሶ ይገባል። ማሽኑ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ከማድረቂያው፣ ከማቀዝቀዣው፣ ከወንፊቱና ከማጓጓዣ ቀበቶው ጋር በመቶ ሺዎች ይገባል። ጀውሃ ባለበት በይፋት ቆላ ውስጥ ይህን የሚመግብ ጥሬ ዕቃ የለም። ለዩኒየን ደረጃ እንኳ ብዙ ማሰብ ይጠይቃል።

የውኃው ሒሳብ

ወደ አዛውንቱ እፍኝ እንመለስ። ከመደቡ የወጣው ኮምፖስት ጥላ ሥር ተዘርግቶ 45 በመቶ ላይ ደረሰ እንበል። 12 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ቶን እንክብል ለማግኘት 1,600 ኪሎ ኮምፖስት ይፈልጋል፤ 600 ኪሎ ውኃ ይወጣል። ይህ ከየትኛውም ማሽን ጋር የማይቀር ነው።

ዲስክ ላይ ግን ሌላ ይጨመራል። ኮምፖስቱ ለመፍጨት መጀመሪያ 20 በመቶ ድረስ ይደርቃል፤ ክብደቱ 1,100 ኪሎ ይሆናል። ከዚያ ለማንከብለል ውኃ ተጨምሮበት 30 በመቶ ይደርሳል፤ 1,257 ኪሎ ይመዝናል። አሁን 257 ኪሎ ውኃ እንደገና መውጣት አለበት። አውጥተን ከነበረው ውኃ ከ150 ኪሎ በላይ መልሰን ጨመርን ማለት ነው።

ውኃን ለማትነን ለእያንዳንዱ ኪሎ 2.26 ሜጋጁል ሙቀት የግድ ነው፤ ማድረቂያ ላይ ብክነቱ ሲታከልበት 4 ገደማ ይገባል። 257 ኪሎው ከ1,000 ሜጋጁል በላይ ይፈልጋል። በመብራት ከሆነ ለአንድ ቶን 285 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ሮለሩ ከሚበላው ወደ 19 እጥፍ። በደረቅ እንጨት ከሆነ 70 ኪሎ ገደማ። በቀን 5 ቶን የሚያወጣ ማኅበር 350 ኪሎ እንጨት ያነዳል።

ይህን ቁጥር ስጽፍ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በይፋት ቆላ ብዙ ቤት እበቱን ኩበት አድርጎ የሚያነደው እንጨት ስላጣ ነው። ለማዳበሪያ የሚሆነውን እበት ለማድረቅ ግራር መቁረጥ ችግሩን ራሱን ማባባስ ነው። እንዲህ ያለ ማድረቂያ ያለበትን ፕሮፎርማ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ መቀደድ ይሻላል።

ቆላው ግን የደጋ ሰው የሌለው ሀብት አለው። ጀውሃና ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር ብዙም ያልራቀ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ከዚያም በልጉ ካለፈ በኋላ፣ ሸራ ላይ ስስ ተደርጎ የተዘረጋ ኮምፖስት በአንድና በሁለት ቀን የሚደርቀው በነፃ ነው። ለሮለሩ ወይም ለዳዩ የሚሆን ዱቄት በዚህ ይዘጋጃል፤ ቢገለበጥ፣ በመደልደያ ቢጎተት አይጎዳም። የዲስክ እርጥብ ፍሬ ግን ሸራ ላይ ሲገለበጥ ይፈርሳል። ፀሐይ ላይ ስናደርቅ ከናይትሮጅኑ የሚተን አለ፤ ስለዚህ ቢቻል ንፋስ የሚገባበት ጥላ ይመረጣል። በበልግ ዝናብና በሐምሌና በነሐሴ ክረምት ሥራው ይቆማል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ዓመቱ 365 ቀን ተደርጎ እንዳይቆጠር።

አሸዋው

ፕሮፎርማ ላይ የማይጻፍ ሌላ ወጪ አሸዋ ነው። ከበረት የሚጠረግ እበት መሬቱን አብሮ ይዞ ይመጣል። የጀውሃና የሮቢ ወንዞች ክረምት ክረምት የሚያመጡት አሸዋ በሜዳው ሁሉ ተዘርግቷል፤ አንድ ቁና እበት ውኃ ውስጥ ቢበጠበጥ ከሥሩ የሚዘቅጠውን ማየት ይበቃል። አሸዋው በ5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ሲያልፍ ዳዩን ይሞርደዋል። ቀዳዳው ይሰፋል፤ ፍሬው ይላላል፤ ዱቄት ይበዛል። ሮለር ላይም ጉድጓዶቹ ይጠፋሉ።

ጠፍጣፋ ዳይ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ይገለበጣል፤ በሁለቱም ፊት ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ያስፈልጋል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቦርቦር ይቻላል፤ ነገር ግን ብረቱ በእሳት ካልጠነከረ ቶሎ ይበላል። በዚህ ምክንያት ዋጋው ርካሽ የሆነው ማሽን በየወሩ ወጪ ሊያመጣ ይችላል። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። የበረቱን ወለል በድንጋይ ማንጠፍ፣ ኮምፖስቱን በጥሩ ወንፊት መንፋት፣ ከመግቢያው አፍ ማግኔት መስቀል፤ ሽቦና ብሎን አንድ ቀን ከገባ ሮለሩን ይሰብራል። ገንዘብ ካጠረ ከማሽኑ ዋጋ ላይ ቀንሶ ወለሉን ማንጠፍ ይሻላል።

ዶላሩ

የማንከብለያ ማሽን አምራቾች በብዛት የሚገኙት በቻይና ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ዜንግዡ ከተማና ዙሪያዋ ነው። የሚልኩት ዋጋ ብዙ ጊዜ ኤፍኦቢ ነው፤ ማሽኑ ቻይና ወደብ ላይ መርከብ እስኪጫን ብቻ። ከዚያ በኋላ የባሕር ጉዞው፣ ኢንሹራንሱ፣ ጂቡቲ ላይ ያለው ክፍያ፣ የየብስ ማጓጓዣው፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የአስመጪው ኮሚሽን ይመጣል። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ያለው ድርጅት የካፒታል ዕቃ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባበት ሥርዓት አለ፤ ለመለዋወጫው ግን ደንቡን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ የድሮ ፕሮፎርማ ዋጋ የለውም። ዶላር 58 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 5 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማሽን 290 ሺህ ብር ነበር። ዶላሩ 150 ብር ሲገባ ያው ማሽን 750 ሺህ ነው፤ ጭነቱና ታክሱ ሳይታሰብ። የመለዋወጫውም እንደዚያው። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ የሚሠራው ዲስክ፣ ማድረቂያው እንቅፋት ባይሆን ኖሮ፣ ከሁሉም ይመረጥ ነበር።

የብር እጥረት ያለበት ማኅበር ማሽኑን በሊዝ መውሰድ ይችላል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ ይሰጣል፤ በክልላችን ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አለ። ሊዝ ሲወሰድ ማሽኑ ቆመም ሠራም ክፍያው አይቆምም፤ በልግና ክረምት የማይሠራባቸውን ወራት የክፍያ ሰሌዳው ላይ ቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ሁለት ሺህ ከብት

ማሽኑ ሁሉ ወጪው ተደምሮ 1 ሚሊዮን ብር ፈጀ፣ 5 ዓመት አገለገለ እንበል። በዓመት 200 ቀን፣ በቀን 2 ቶን ቢሠራ በ5 ዓመት 2,000 ቶን ይወጣል፤ የማሽኑ ድርሻ በአንድ ኩንታል 50 ብር ነው። ጥሬ ዕቃ አጥቶ በዓመት 60 ቀን ብቻ ቢሠራ ግን በኩንታል ከ166 ብር በላይ ይሆናል። በርካሽና በውድ ማሽን መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ያንሳል።

2 ቶን እንክብል ደግሞ ስንት በረት ይፈልጋል? ውስጡ 1,760 ኪሎ ደረቅ ነገር አለ። ኮምፖስት ሲሆን ከደረቁ 40 በመቶው ቢጠፋ፣ መነሻው 2,900 ኪሎ ደረቅ እበት ነው። አንድ ከብት ሌሊት በረት ውስጥ የሚተወው በደረቁ 1.5 ኪሎ ቢሆን፣ ለአንድ የሥራ ቀን ወደ 2,000 ከብት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቆላው ከብት አለው፤ ግን ብዙው ቀን ሜዳ ላይ ነው፤ በድርቅ ይሰደዳል፤ እበቱም ባለቤት አለው፤ ለምድጃ ነው። የማሽላው አገዳም መኖና ማገዶ ነው፤ ዝም ብሎ የወደቀ ነገር የለም።

ይህን ሒሳብ ለወጣቶቹ ስነግራቸው ሒሳብ የያዘው ልጅ ዝም ብሎ ቆየ። አዛውንቱ ግን መልስ ነበራቸው። "ሰንበቴ ገበያ እሑድ ውለህ ብታይ፣ የከብት ተራው ላይ የሚቀረውን እበት ማን ይወስደዋል?" አሉት። የሽንኩርት ተረፈ ምርቱ፣ የማሾው ገለባ፣ ገበያው ላይ የሚጣለው የበሰበሰ ቲማቲምና ፓፓያ፣ የዶሮ ኩስ፣ የፍየሉ በጠጥ ሁሉ ሲደመር በቀን 2 ቶን ባይሞላም ግማሽ ቶን ይሞላ ይሆናል። ግማሽ ቶን ለትንሽ ጠፍጣፋ ዳይ በቂ ነው።

ስለዚህ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ጀውሃ ላይ፣ በፀሐይና በነፋስ ደርቆ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ ትንሽ ጠፍጣፋ ዳይ ላይ የሚያልፍ ኮምፖስት ከሁሉ ያዋጣል። ባለ ሁለት ሮለሩ የሚመረጠው ማኅበሩ ወደፊት ከኤንፒኤስ ብናኝ ጋር ቀላቅሎ መሥራት ከፈለገ ነው። ዲስኩ ለደጋ ሰው ሳይሆን ፀሐይም ባለሙያም ላለው ነው፤ ያም ሆኖ ማድረቂያው ላይ እንጨት እንዳይነድ ቃል የሚገባ ማኅበር ብቻ ይውሰደው። ማሽኑም ከወፍጮ ቤት አጠገብ ቢተከል ይሻላል፤ የሦስት ፌዝ መስመር እዚያ ስላለ አዲስ ትራንስፎርመር ላይጠየቅ ይችላል።

ከመግዛት በፊት ግን የሚሞከር ነገር አለ። ሁለት ኩንታል ደረቅና የተነፋ ኮምፖስት ይዞ፣ የመኖ ማሽን ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ፣ ለሰዓት ኪራይ ከፍሎ ማስወጣት። የወጣውን ፍሬ በጣት ጨምቆ፣ ከትከሻ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጥሎ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት። ከዚያ የሽንኩርት ማሳው ግማሽ ላይ እንክብሉን ከተለመደው ኤንፒኤስና ዩሪያ ጋር ሰጥቶ፣ ለሌላው ግማሽ ያለ እንክብሉ ኤንፒኤስና ዩሪያውን ብቻ ሰጥቶ ማወዳደር። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሸዋ ሮቢት አካባቢ የሙከራ ሥራ ስላለው አሠራሩን ከዚያ መጠየቅ ይቻላል።

ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ወደ ፕሮፎርማው ይመለሱ። ሻጩን የሚጠይቁት አምስት ነገር ነው፤ ዋጋው እስከ ጀውሃ ድረስ ስንት ነው፤ ማሽኑ ስንት በመቶ እርጥበት ይቀበላል፤ የዳዩና የሮለሩ ዋጋ ለብቻው ስንት ነው፤ ዳዩ በዚህ ኮምፖስት ስንት ቶን እስኪያወጣ ይቆያል፤ ሞተሩ ባለ 380 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው ወይ። ሁለት ተጨማሪ ዳይና አንድ ጥንድ ሮለር አብረው ተገዝተው ይምጡ። ቅድሚያ ክፍያው ከመላኩ በፊት ደግሞ ከጀውሃው ደረቅ ኮምፖስት 20 ኪሎ ለሻጩ ተልኮ፣ በራሱ ማሽን ሲያስወጣው የሚያሳይ ቪዲዮ ይጠየቅ፤ የማይቀበል ከሆነ ሌላ ሻጭ ይፈለግ።